የፊልም ስክሪፕታችሁ ገበያ ላይ ያዋጣ እንደሆነ በዳታ እንዴት ትገምታላችሁ?

«ይህ ስክሪፕት ያዋጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከጸሐፊም ከፕሮዲዩሰርም በየጊዜው ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ በምታገኙት ነገር እንስማማ። መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባው «ይሸጣል» ወይም «አይሸጥም» የሚል ፍርድ አይደለም። «ይህን የሚመስሉ ፊልሞች በዚህ በጀት ተሠርተው ሲወጡ ከሃያው ስንቱ ወጪያቸውን መለሱ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ሶፍትዌር ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

አንድ ሕግ ከአሁኑ ያዙልኝ። ስሌቱ ውስጥ የሚገባው ስክሪፕቱ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ የሚታወቅ ነገር ብቻ ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ የሚታወቅ ነገር በሙሉ ውጭ ይቀራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የስክሪፕቱ የመጨረሻ ረቂቅ፣ ጽሑፉ ሊነበብ በሚችል ፋይል። የፋይናል ድራፍት ወይም የፋውንቴን ፋይል (ሁለቱም የስክሪፕት መጻፊያ ፎርማቶች ናቸው) ቢሆን ጥሩ ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፤ ቆጠራውን በእጅ ያደርግባችኋል።
- ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ። ለብዙው ሥራ ይህ ይበቃል።
- የገቢና የበጀት መረጃ፦ ቦክስ ኦፊስ ሞጆ እና ዘ ነምበርስ የተባሉት ድረ ገጾች።
- ስለ ፊልሞቹ ሌላው መረጃ (ዘውግ፣ ርዝመት፣ ዓመት)፦ የአይኤምዲቢ ነፃ የዳታ ፋይሎች እና ቲኤምዲቢ (ሁለቱም የፊልም መረጃ ድረ ገጾች ናቸው)። የአይኤምዲቢ ነፃ ፋይሎች ለግል፣ ንግድ ላልሆነ አገልግሎት የተፈቀዱ ናቸው። ገቢና በጀትም የላቸውም፤ ስትፈልጉ አትድከሙ።
- የዋጋ ግሽበት ማስተካከያ፦ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ።
- የማያውቋችሁ አምስት አንባቢዎች።
- ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ለሚችል ፓይተን። የማይችል አይጨነቅ።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«ያዋጣል ወይ?» ብቻውን ጥያቄ አይደለም። ለማን? በየት በኩል? በስንት ብር ተሠርቶ? ሲኒማ ቤት የሚገባ ፊልም ገንዘቡን የሚያገኘው ከትኬት ነው። ስትሪሚንግ ላይ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጥ ፊልም ግን ስንት ሰው አየው ሳይባል ክፍያው አስቀድሞ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ይህ ስክሪፕት በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ሲኒማ ቤት ቢገባ ወጪውን የመመለስ ዕድሉ ስንት ነው?» ይህን ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡት፤ መሐል መንገድ ላይ ጥያቄው ሳይታወቃችሁ ይቀየራል።

2. ስክሪፕቱን ወደ ቁጥር ቀይሩ

አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ለመነሻ ይሠራል። ንግግር የበዛበት ገጽ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ድርጊት የበዛበት ደግሞ ይጎተታል። ገጽ ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትቀመጡ። በኤክሴል ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ረድፍ ክፈቱና እነዚህን መዝግቡ፦

- ውስጥ ነው ውጭ? ቀን ነው ሌሊት? (ይህ ከትዕይንቱ አርዕስት ላይ በቀጥታ ይገኛል።)
- ቦታው የት ነው? አንድ ቦታ በሁለት ስም ተጽፎ እንደ ሁለት እንዳይቆጠር ስሙን አንድ አድርጉ። «ሳሎን» እና «የሳራ ቤት – ሳሎን» አንድ ናቸው።
- የሚናገሩ ገጸ ባሕርያት ስንት ናቸው?
- ሕፃን፣ እንስሳ፣ ውሃ፣ እሳት፣ የመኪና ግጭት፣ ብዙ ሕዝብ አለ?
- የኮምፒውተር ምስል የሚፈልግ ነገር አለ?

ለምን ይህን ያህል ዝርዝር? ስክሪፕት ላይ የዋጋ መለያ ስለማይለጠፍ ነው። «ሁለቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ» የሚል ትዕይንት አራት ገጽ ሊሄድና በአንድ ቀን ተቀርጾ ሊያልቅ ይችላል። «ከተማው በጎርፍ ተጥለቀለቀ» ግን አንድ መስመር ነው፤ የሌላውን ፊልም ሙሉ በጀት ሊበላ ይችላል። ሌሊት ውጭ የሚቀረጽ ትዕይንት መብራት ይፈልጋል፣ ሠራተኛውም እንቅልፉን አጥቶ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ዋጋው ከቀኑ ይለያል። ሕፃን ተዋናይ በብዙ አገር በቀን የሚሠራበት ሰዓት በሕግ የተገደበ ስለሆነ የቀረጻ ቀን ይጨምራል።

ሲጨርሱ የሚመጣው ማጠቃለያ እንዲህ ያለ ነው፦ 92 ገጽ፣ 61 ትዕይንት፣ 6 ቦታ፣ 5 ተናጋሪ፣ 24 የሌሊት ትዕይንት፣ 3 የኮምፒውተር ምስል፣ ዘውጉ አስፈሪ። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዤው እሄዳለሁ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የፈጠርኳቸው ናቸው።

3. የበጀት ክልል አውጡ

ዝርዝሩን ለአንድ ልምድ ላለው የፕሮዳክሽን ማናጀር አሳዩትና ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አንድ ቁጥር አትቀበሉ። በጀት ሳይታወቅ ገቢን መገመት ትርጉም የለውም፤ ያው 5 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ለአንዱ ፊልም ሠርግ፣ ለሌላው ለቅሶ ነው። ለምሳሌያችን ከ1.2 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር እንበል።

4. አቻ ፊልሞችን ምረጡ (ዋናው ሥራ ይህ ነው)

ከ20 እስከ 30 ፊልም ይበቃል። የምትመርጡበትን መስፈርት ግን ገቢያቸውን *ከማየታችሁ በፊት* ጻፉት። ለምሳሌ፦ አስፈሪ ፊልም፣ በጀቱ ከ0.7 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር፣ ባለፉት 12 ዓመታት ሲኒማ ቤት የገባ፣ ታዋቂ ተዋናይ የሌለበት፣ የሌላ ፊልም ተከታይ ያልሆነ። ከዚያ መስፈርቱን ያሟላውን ሁሉ አስገቡ። ደስ ያላችሁን እየመረጣችሁ አይደለም፣ ሁሉንም።

ይህ ካልሆነ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰው አቻ ፊልም አምጣ ሲባል ትዝ የሚለው የሰማውን ነው፤ የሰማው ደግሞ የተሳካውን ነው። የከሰረው ፊልም ስም ማንም አያስታውስም። የተሳኩትን ብቻ ሰብስቦ «እነዚህን ይመስላል» ማለት ሎተሪ የደረሳቸውን ብቻ ጠይቆ ሎተሪ ያዋጣል እንደ ማለት ነው። ዝርዝራችሁ ውስጥ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ፊልም ከሌለ ዝርዝሩ ተበላሽቷል፤ እንደገና ጀምሩ።

የዕድሜ ገደቡንም አትርሱ። በአሜሪካ አከፋፈል ፒጂ-13 (ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ) የሚሰጠውና አር የሚሰጠው ፊልም የተመልካቹ ስፋት አይመሳሰልም። አር የተሰጠው ፊልም ላይ ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይገባም። ስክሪፕታችሁ ውስጥ ያለው ደምና ስድብ የትኛው ውስጥ እንደሚጥላችሁ ከወዲሁ ገምቱ።

5. ዳታውን አጽዱ

አሰልቺ ነው። ግን እዚህ የተዘለለ ነገር በኋላ ሙሉ ስሌቱን ያበላሻል።

*ዜሮ ማለት ዜሮ አይደለም።* ቲኤምዲቢ ላይ በጀት ወይም ገቢ 0 ተብሎ ካያችሁ መረጃው አልገባም ማለት ነው እንጂ ፊልሙ በነፃ ተሠራ ማለት አይደለም። ዜሮዎቹን ወደ ባዶ ቀይሩ፣ ከዚያ ከሌላ ምንጭ ፈልጉ።

*ፊልሞችን በርዕስ አታዛምዱ።* በአንድ ርዕስ ስንት ፊልም አለ! የአይኤምዲቢን መለያ ቁጥር ተጠቀሙ፤ ቲኤምዲቢም ይህንኑ ቁጥር ይይዛል።

*የትኛው ገቢ?* ቦክስ ኦፊስ ሞጆ ላይ የአገር ውስጥ የሚባለው አሜሪካና ካናዳ ተደምረው ነው። ዓለም አቀፉ ሌላ ዓምድ ነው። አንዱን ፊልም ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ እንዳትወስዱ። በድጋሚ ለዕይታ የቀረቡበትን ገቢም ለዩት።

*ግሽበት።* የድሮውን ገቢ በዚያን ዓመት የዋጋ መለኪያ አካፍሉ፣ በዛሬው አባዙ። በጀቱንም እንዲሁ። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው ካለማስተካከል ይብሳል።

*እ.ኤ.አ. 2020 እና 2021።* በወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው ስለነበር የእነዚህ ዓመታት ገቢ ስለ ፊልሙ የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። ለብቻ ምልክት አድርጉባቸውና ስሌቱን ከእነሱ ጋርም ያለ እነሱም ሥሩት።

በጀትን በተመለከተ፣ የሚታተመው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ የማስታወቂያ ወጪም አብዛኛውን ጊዜ አይካተትበትም። ይህን ለቀጣዩ ደረጃ ያዙት።

6. አስሉት

ለእያንዳንዱ አቻ ፊልም ገቢውን ለበጀቱ አካፍሉ። ስንት እጥፍ እንዳመጣ ይነግራችኋል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሐል ላይ ያለውን፣ ሚዲያኑን ያዙ። አማካዩን ተዉት።

ለምን? ፓራኖርማል አክቲቪቲ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀርጾ በዓለም ዙሪያ ወደ 193 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። ከ12 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ፊልም፣ ሁለት ሁለት እጥፍ ብቻ ያመጡ 19 ፊልሞች መሐል ቢገባ አማካዩ ከ640 እጥፍ በላይ ይሆናል። ሚዲያኑ ግን ሁለት ላይ ቁጭ ይላል። የፊልም ገቢ ጠባዩ ይህ ነው፤ ጥቂቶች አብዛኛውን ይወስዳሉ። አማካይ ይዞ የሚመጣ ሰው ሆን ብሎ ባይሆንም እያታለላችሁ ነው።

አሁን ወጪ የሚመለስበትን ነጥብ ፈልጉ። የትኬት ገንዘብ በሙሉ ለፊልሙ ባለቤት አይደርስም፤ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል። በአሜሪካ በግምት ግማሽ በግማሽ ነው፣ እንደ ውሉ ይለያያል። ቻይና ውስጥ በገቢ ክፍፍል የሚገባ የውጭ ፊልም ባለቤቱ የሚያገኘው 25 በመቶ ገደማ ነው። ገቢው ከየት እንደሚመጣ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ለምሳሌያችን በጀት 2 ሚሊዮን፣ ማስታወቂያ 1 ሚሊዮን፣ የሚደርሰን ድርሻ 50 በመቶ እንበል።

(2 + 1) ÷ 0.5 = 6 ሚሊዮን ዶላር።

ትኬቱ 6 ሚሊዮን ካልሸጠ ከሲኒማ ቤት ብቻ ወጪው አይመለስም። ከበጀቱ ሦስት እጥፍ ነው። ከ20 አቻ ፊልሞች ሚዲያኑ 1.8 እጥፍ ከሆነና 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ያመጡት 7 ከሆኑ መልሳችሁ ይኸው፦ ከሃያው ሰባቱ፣ 35 በመቶ ገደማ።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በጀቱን ወደ 1.2 ሚሊዮን ዝቅ ብታደርጉት (1.2 + 1) ÷ 0.5 = 4.4 ሚሊዮን ይሆናል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ቀነሰ። እጥፉ ግን ከ3 ወደ 3.7 ገደማ *ከፍ አለ*፤ ማስታወቂያው ባለበት ስለቆመ ነው። እጥፍን ብቻ የሚያይ ሰው በጀት መቀነስ ፊልሙን ጎዳው ይላል። ስለዚህ በዶላርም ቁጠሩ፦ ከአቻዎቹ 6 ሚሊዮን ያለፉት ስንት፣ 4.4 ያለፉት ስንት? ሁለቱ ቆጠራ የማይስማማ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ።

ለስትሪሚንግ የምትሠሩ ከሆነ የትኬት ዳታ አያገለግላችሁም። ኔትፍሊክስ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የታየበትን ሰዓት ብዛት በየርዕሱ ያወጣል። ሰዓቱን ለፊልሙ ርዝመት አካፍላችሁ አወዳድሩ፤ አለበለዚያ ረጅም ፊልም ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላችኋል። ይህ ግን ፍላጎትን ያሳያል እንጂ ዋጋን አይነግራችሁም።

7. ታሪኩን በሰው ፈትኑ

እስካሁን የለካነው የስክሪፕቱን ዓይነት እንጂ ስክሪፕቱን ራሱን አይደለም። ጥሩም መጥፎም አስፈሪ ስክሪፕት እስካሁን ያለው ስሌት ላይ አንድ ውጤት ያገኛል።

የጸሐፊውን ስም አጥፉና ለአምስት አንባቢዎች ስጡ። ሁሉም ለተመሳሳይ ጥያቄዎች ከ1 እስከ 5 ይስጡ፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ጎተቱህ? ዋናው ሰው የሚፈልገው ግልጽ ነው? መጨረሻውን ቀድመህ አወቅከው? ትኬት ቆርጠህ ታየዋለህ? እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይሁን።

ውጤቱን ስታዩ ልዩነቱንም እዩ። 3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 3 እና 1፣ 5፣ 5፣ 1፣ 3 አማካያቸው እኩል ነው። የመጀመሪያው ማንም የማይጠላው፣ ማንም ደግሞ ለሱ ብሎ ከቤቱ የማይወጣለት ፊልም ነው። ሁለተኛው ከአምስቱ ሁለቱ የሚያብዱለት ነው። በጀቱ ትንሽ ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አቅም ካላችሁ የታሪኩን የሁለት መስመር ማጠቃለያ በሁለት ዓይነት ጽፋችሁ ለማያውቋችሁ ሰዎች በዕጣ ከፋፍሉ። አንዱ ሰው አንዱን ብቻ ይይ። «ወደድከው?» አትበሉ፤ ሰው ይሉኝታ አለው። ከሌሎች አራት ማጠቃለያዎች ጋር ቀላቅላችሁ «ዛሬ ማታ የትኛውን ታያለህ?» በሉ። መቶ ሰው ብትጠይቁ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ አራት መቶ ብትጠይቁ 5 ያህል። ስለዚህ በመቶ ሰው 46 ለ 41 ሆነ ብላችሁ አትጨፍሩ።

ጎግል ትሬንድስን (ሰው ጎግል ላይ ምን እየፈለገ እንደሆነ የሚያሳይ መሣሪያ) የሚጠቀሙም አሉ። ከ0 እስከ 100 ያለው ቁጥር የፍለጋ ብዛት አይደለም፤ በመረጣችሁት ጊዜ ውስጥ ከነበረው ከፍተኛ ነጥብ አንጻር ነው። አንድ ጉዳይ እየሞቀ ነው ወይስ እየቀዘቀዘ ለማየት ይረዳል። ደግሞም ስክሪፕቱ ፊልም ሆኖ እስኪወጣ ጊዜ አለ፤ ዛሬ የሞቀው ያን ጊዜ ላይኖር ይችላል።

8. ሞዴል መሥራት ለምትፈልጉ

ሞዴል ስል ካለፉ ፊልሞች ዳታ ተምሮ የአዲሱን ገቢ የሚገምት ፕሮግራም ማለቴ ነው። ጥቂት መቶ ንጹሕ ረድፍ ከሌላችሁ ይህን እለፉት። ካላችሁ፦ ገቢውን ወደ ሎጋሪዝም ቀይሩ፣ የቆዩ ፊልሞች ላይ አሠልጥኑ፣ አዲሶቹ ላይ ፈትኑ። በዘፈቀደ አትከፋፍሉ፤ የወደፊቱን እያየ ያለፈውን የሚገምት ሞዴል ጎበዝ መምሰሉ አይቀርም። ከዚያ ውጤቱን ከቀላሉ ግምት፣ ማለትም ከዘውጉና ከበጀት ክልሉ ሚዲያን ጋር አወዳድሩ። ካላሸነፈው ጣሉትና ሚዲያኑን ተጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ

- ያልታተመ ስክሪፕት የማታውቁት ድረ ገጽ ወይም የኤአይ መሣሪያ ላይ አትጫኑ። ጽሑፉን ያስቀምጣሉ ወይ? ለማሠልጠኛ ይጠቀሙበታል ወይ? ውሉን አንብቡ። ስክሪፕቱ የሌላ ሰው ከሆነ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ።
- ሥራው ለደንበኛ የሚከፈልበት ከሆነ የዳታውን ፈቃድ እንደገና አረጋግጡ። ነፃ ማለት ለንግድም የተፈቀደ ማለት አይደለም።
- ደንበኞቻችሁ በዚህ ስሌት ብቻ ተማምነው ገንዘብ እንዳይበደሩ ንገሯቸው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

*ከወጣ በኋላ የሚታወቅን ነገር ማስገባት።* የአይኤምዲቢ ነጥብ፣ የድምፅ ብዛት፣ ሽልማት፣ ስንት ሲኒማ ቤት ገባ፦ እነዚህ ሁሉ ስክሪፕቱ በሚነበብበት ቀን የሉም። ሞዴሉን ግን ተአምረኛ ያስመስሉታል፤ ብዙ ድምፅ ያለው ፊልም ብዙ ሰው ያየው ነውና። ነጥብና ገቢ አንድ እንዳልሆኑ ለማየት ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽንን ተመልከቱ። አይኤምዲቢ ላይ ለዓመታት አናት ላይ ያለ ፊልም ነው። በ1994 ሲወጣ ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመጀመሪያው ዙር ያስገባው 16 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

*መስፈርቱን መሐል ላይ መቀየር።* ውጤቱ አላምር ሲል «ይቺን ፊልምማ እናውጣት» የሚል ሰው አይጠፋም። ያወጣችሁትን ከነምክንያቱ መዝግቡ።

*ትክክል የሚመስል ቁጥር መስጠት።* «ገቢው 5,837,412 ዶላር ይሆናል» ብሎ መጻፍ ከ20 ፊልም አይወጣም። «ከሃያው ግማሾቹ ከ1.2 እስከ 8 ሚሊዮን መሐል ናቸው» በሉ፣ አለቀ።

*ሪፖርቱን ማስረዘም።* ፕሮዲዩሰሩ የሚያነበው አንድ ገጽ ነው። ጥያቄው፣ የአቻ ፊልሞቹ መስፈርት፣ ወጪ የሚመለስበት ነጥብ፣ ከሃያው ስንቱ እንዳለፉት፣ የአንባቢዎቹ ነጥብ ከነልዩነቱ፣ የተሠራበት ቀን። የአቻ ፊልሞቹን ሙሉ ዝርዝር፣ የከሰሩትንም ጨምሮ፣ ከጀርባው አያይዙ። ረቂቁ ሲቀየር፣ ለምሳሌ ስድስቱ ቦታ አሥራ አንድ ሲሆን፣ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ እንደገና ሥሩት።